በአሮጌ ስድስት ሲሊንደር ላይ ቱርቦ ማስገጠም፦ ጅማ ላይ ምን ያህል ግፊት ይበቃል?

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ የጊቤን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ወልቂጤ የሚወጣውን ዳገት የማያውቅ የጅማ ሹፌር የለም። ቡና የጫነ አሮጌ ላንድክሩዘር ፒካፕ እዚያ ሲደርስ ሦስተኛ ማርሽ አልችል ብሎ ወደ ሁለተኛ ይወርዳል፤ ጥቁር ጭስ እየተፋ ያቃስታል። ከኋላው የመጣ ቱርቦ ያለው የጭነት መኪና እያፏጨ ያልፈዋል። ሹፌሩ ጅማ ተመልሶ ጋራዥ ሲገባ ታዲያ ጥያቄው አንድ ነው፦ «የእኔም ላይ ቱርቦ ይገጠምልኝ፤ ስንት ይፈጃል?»

ጥያቄው ድሮም ነበር። በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን ያለችውን መኪና ማጠንከር ለብዙው ሰው ብቸኛው መንገድ እየሆነ መጥቷል። ስለ ጉዳዩ የሚወራው ግን የተደበላለቀ ነው። አንዱ «ቱርቦ ሞተር ይበላል» ይላል፤ ሌላው «ናፍጣ በግማሽ ይቀንሳል» ብሎ ይምላል። ሁለቱም የሰሙትን ነው የሚናገሩት።

ቱርቦ የሚሠራው ምንድን ነው?

ብረት ሠሪ ወናፍ ሲነፋ ያየ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። ከሰል ብቻውን ቢቀመጥ ይጨሳል እንጂ ብረት አያግልም። ወናፉ አየር ሲያቀብለው ግን ያው ከሰል ይፋጃል። ናፍጣም እንደዚያው ነው፤ አንድ ኪሎ ናፍጣ ተቃጥሎ ለማለቅ ከ14 ኪሎ በላይ አየር ይፈልጋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ይህን አየር የሚያገኘው በራሱ ትንፋሽ ነው፦ ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ የውጭው አየር ደግሞ በራሱ ክብደት ተገፍቶ ይገባል። ከዚያ በላይ የሚገፋው የለም።

ቱርቦ ወናፉ ነው። የሚለየው ወናፉን የሚነፋ ሰው አለመኖሩ ነው፤ የሚነፋው ራሱ ጭሱ ነው። በአንድ አጭር ዘንግ ጫፍና ጫፍ ላይ ክንፍ ያላቸው ሁለት ትናንሽ መንኮራኩሮች አሉ። ወደ ማርሚታ ሊወጣ የነበረው ትኩስ ጭስ አንደኛውን ይመታዋል፤ እንደ ውሃ ወፍጮ ያሽከረክረዋል። ዘንጉ አንድ ስለሆነ በሌላው ጫፍ ያለውም አብሮ ይዞራል፤ እሱ ደግሞ ንጹሕ አየር ከፊልትሮው ስቦ ወደ ሞተሩ ይጠቀጥቃል። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር ያልፋል። ቱርቦ የሚለው ቃል በላቲን አዙሪት፣ እሽክርክሪት ማለት ነው፤ ስሙን ያወጣለት ሰው አልተሳሳተም።

ሁለት ቃላትን ብቻ እንያዝ። «ግፊት» ስንል ቱርቦው ከውጭው አየር በላይ የጨመረውን ማለታችን ነው፤ የሚለካውም በባር ነው። «ማስተንፈሻ» ስንል ደግሞ ሜካኒኮች ዌስትጌት የሚሉትን ትንሽ በር ነው። ወፍጮው ውሃ ሲበዛበት ትርፉን በጎን እንደሚያሳልፈው ቦይ፣ ግፊቱ ከተወሰነለት ሲያልፍ ይህ በር ተከፍቶ ጭሱን በጎን ያሳልፈዋል። በር የሌለው ወይም በሩ የተጣበቀ ቱርቦ ልጓም የሌለው ፈረስ ነው።

የጅማ ሞተር ለምን ቶሎ ይደክማል?

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ባሕር ዳርቻ ላይ አየር የሚጫነው በ1.01 ባር ገደማ ሲሆን ጅማ ላይ ወደ 0.82 ይወርዳል። ቡና ነጋዴ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፦ አንድ ጣሳ ጀንፈልና አንድ ጣሳ የተፈለፈለ ቡና ጣሳቸው አንድ ነው፤ ውስጣቸው ያለው ፍሬ ግን እኩል አይደለም። ሲሊንደሩ ጣሳው ነው። በየዙሩ ይሞላል፤ የሚሞላው አየር ግን ስስ ነው። ፋብሪካው ወደ 130 የፈረስ ጉልበት የጻፈለት ቱርቦ አልባ ሞተር ጅማ ላይ ሲመጣ ከ105 ብዙም አይበልጥም። አዲስ አበባ ላይ፣ 2,350 ሜትር ገደማ ሲደርስ፣ ከዚህም ይወርዳል።

ናፍጣ የሚያቀርበው ፖምፓ ግን ከፍታ የሚያነብ ተጨማሪ ዕቃ ከሌለው በቀር ይህን አያውቅም። ባሕር ዳርቻ ላይ እንዳለ ሆኖ ያንኑ ናፍጣ ይረጫል። አየሩ ስላነሰ ከፊሉ ሳይቃጠል ይቀራል። የዳገቱ ጥቁር ጭስ ይኸው ነው፤ አየር ያጣ፣ ገንዘብ የወጣበት ናፍጣ። ጭሱን ለማጥፋት ፖምፓውን የሚያስቀንሱ አሉ። ጭሱ ይጠፋል፤ ጉልበቱም አብሮ ይጠፋል።

ከፍታና ቱርቦ የቆየ ትውውቅ አላቸው። ቱርቦን ለመጀመሪያ ጊዜ በፓተንት ያስመዘገበው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ ነው፤ ዘመኑ 1905 እ.ኤ.አ. ነበር። ነገሩ በደንብ የተፈተነው ግን በ1918 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ ላይ ነው። ሳንፎርድ ሞስ የተባለ መሐንዲስ የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና ጭኖ ወደዚያ አወጣ። ዝቅተኛ ቦታ ላይ 350 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው ሞተር ተራራው ላይ 230 ሰጠ። ቱርቦ ሲገጠምለት 356 ሆነ። ሞስ ሞተሩን ከታች ከነበረበት ይልቅ ኃይለኛ ለማድረግ አልነበረም ያን ሁሉ የደከመው፤ ከፍታ የወሰደበትን ለማስመለስ ነበር።

ለጅማ ሰው ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። ስሌቱን እንሥራው። የጅማ አየር 0.82 ባር ነው፤ በላዩ 0.3 ባር ሲጨመር 1.12 ይሆናል። አየር ሲጨመቅ ስለሚሞቅ፣ ሲሞቅ ደግሞ ስለሚሳሳ፣ ያ 1.12 ሞተሩ ዘንድ ሲደርስ የሚሰጠው በባሕር ዳርቻ ካለው ቀዝቃዛ አየር ጋር ሊተካከል ትንሽ የቀረው ነው። በሌላ አነጋገር ጅማ ላይ 0.3 ወይም 0.35 ባር የተገጠመለት ሞተር ፋብሪካው ካሰበለት በላይ አየር እየተጋተ አይደለም። ተወስዶበት የነበረውን ነው ያገኘው። ፖምፓው ሳይነካ፣ አንድ ጠብታ ናፍጣ ሳይጨመር፣ በጭስ ይባክን የነበረው ተቃጥሎ ወደ ጎማ ይሄዳል። እኔ ከዚህ ጽሑፍ አንባቢ አንድ ነገር ብቻ እንዲይዝ ብጠየቅ የምመርጠው ይህንኑ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ የሚነሣው ጭቅጭቅ ሁሉ ግን ስለ 1 ባር ነው።

የትኛው ሞተር ይቀበላል?

በጅማና በዙሪያዋ ስድስት ሲሊንደር ሲባል በአብዛኛው የሚታሰበው ዋን ኤች ዜድ የተባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ነው። ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በላንድክሩዘር ላይ የተገጠመ፣ 4.2 ሊትር፣ ኤሌክትሮኒክስ የማያውቅ፣ ዕቃው በየቦታው የሚገኝ። ሲሊንደሮቹ በአንድ ረድፍ ስለተደረደሩ፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ ክራንኩም፣ በሰባት ቦታ ስለተያዘ ከሥር ጠንካራ ነው። ሸክሙ የሚከብደው ከላይ ነው።

ከላይ ያለውን ለመረዳት ቤት እናስብ። በዚህ ሞተር ውስጥ ናፍጣ የሚረጨው በቀጥታ ፒስተኑ ላይ አይደለም፤ ሲሊንደሮቹን ከላይ በሚከድነው ብረት፣ ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ጓዳ ነው። እሳቱ ጓዳ ውስጥ ይጀምርና በጠባብ በር ወደ ሳሎን ይወጣል። የጓዳዋ በር ምንጊዜም ከሁሉ በላይ የሚግለው ቦታ ነው። ሌላው ነገር ሞተሩ አየሩን ከ22 እጥፍ በላይ የሚጨምቅ መሆኑ ነው፤ ቱርቦ አልባ ሞተር ጠዋት በብርድ እንዲነሣ ይህ ያስፈልገዋል። ቀድሞ የታጨቀ አየር ሲያስገቡለት ግን ያ ሁሉ በፒስተኑና ከቴስታታው ሥር ባለው ማሸጊያ፣ በጓርኒሲዮኑ ላይ ያርፋል።

ቶዮታ ራሱ ቱርቦ ሲፈልግ ይህንኑ ሞተር ዝም ብሎ ቱርቦ አላስገባበትም። ወንድሙን ዋን ኤች ዲ ቲን ሠራ፦ ያው 4.2 ሊትር፣ ግን ጓዳው ቀርቶ ናፍጣው በቀጥታ ፒስተኑ ላይ የሚረጭ፣ ጭመቃውም ወደ 18.6 የወረደ። ከዚያ በፊትም በአሮጌው ቱ ኤች ላይ ያደረገው ተመሳሳይ ነው፤ የቱርቦ ወንድሙን ትዌልቭ ኤች ቲን ያለ ጓዳ ሠራው። ኒሳን ግን ጓዳ ያለውን ቲዲ 42 ራሱን አጠንክሮ በቱርቦ ሸጦታል። ስለዚህ ጓዳ ያለው ሞተር ቱርቦ አይችልም ማለት ስሕተት ነው። ይችላል፤ ልኩን ካወቁለት።

ስለ ቤንዚን ስድስቶች በአጭሩ፦ እነሱ ሌላ ዓለም ናቸው። ቤንዚን ላይ አየር ጨምሮ ነዳጅ ሳይጨምሩ መተው ፒስተን ይበሳል፤ የማቀጣጠያውን ሰዓት፣ የነዳጁን ዓይነት፣ ሁሉንም መንካት ግድ ይላል። በአነስተኛ ገንዘብ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ሞተሩን የሚገድለው ምንድን ነው?

አጂፕ አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ ቁጭ ብዬ ያየሁትን ልንገር። ከጌራ የመጣ ወጣት ሹፌር ቱርቦው ተገጥሞለት ሊወስድ ቆሟል። ሜካኒኩ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ማስተንፈሻውን በ0.4 ባር አስረውታል።

«ጋሼ፣ አንድ ባር ያድርጉልኝ፤ ፖምፓውንም ትንሽ ይክፈቱልኝ። እንዲበርልኝ ነው የምፈልገው።»

«ልጄ፣ መብረር ካማረህ ኤርፖርቱ ሩቅ አይደለም» አሉትና ከጠረጴዛው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው በእጁ አስያዙት።

ፒስተን ነበር። አናቱ ላይ፣ በአንድ በኩል፣ ጠርዙ እንደ ሻማ ቀልጦ ወደ ጎን ፈስሷል። የላይኛው ፋሻ (ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት) የተቀመጠበት ቦይ ተደፍኖ ፋሻውን አሥሮ ይዞታል። ከመሐሉ ተነሥቶ ወደ ዳር የሚሄድ ቀጭን ስንጥቅ በጥፍር ሲዳሰስ ይሰማል። መኪናው ሌላ ከተማ ነው ቱርቦ የተገጠመለት፤ ግፊቱም ያን ያህል አልነበረም። ፖምፓው ላይ ግን የናፍጣውን ብሎን ወደ አንድ ዙር ገደማ አጥብቀውት ነበር። ሹፌሩ ፒስተኑን አገላብጦ አየው፤ ስለ ፖምፓው ዳግመኛ አልጠየቀም።

ናፍጣ ሞተር ላይ አየር በራሱ አይገድልም። እንዲያውም ትርፍ አየር ጭሱን ያቀዘቅዘዋል። የሚያሞቀው ናፍጣው ነው። ቱርቦ ሲገጠም ያው ናፍጣ ከተረጨ የጭሱ ሙቀት ይወርዳል ወይም ባለበት ይቆያል። ናፍጣው ሲጨመር ግን ዳገት ላይ፣ ጭነት ተጭኖ፣ ሙቀቱ ደቂቃ በደቂቃ ይወጣል። ፒስተን የሚሠራው ከአሉሚኒየም ነው፤ ንጹሕ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ፒስተን የሚሠራበት ቅይጥ ደግሞ ከዚያም ባነሰ። ጭሱ ከዚያ በላይ ሲግል ፒስተኑ ወዲያው የማይቀልጠው ከሥሩ ዘይት፣ ከላዩ በየዙሩ የሚገባ አዲስ አየር ስለሚያቀዘቅዘው ነው። ለረጅም ዳገት ግን ይህ አያዋጣም። ጠንቃቃ ሜካኒኮች ጭሱ ቱርቦው ዘንድ ከመድረሱ በፊት ሲለካ ከ700 ዲግሪ እንዳያልፍ የሚሉት ለዚህ ነው።

ለዚህም ነው የጭስ ሙቀት መለኪያ ጌጥ አይደለም የምለው። ከሲሊንደሮቹ ጭሱን የሚሰበስበው ማኒፎልድ ላይ ቀዳዳ ተበስቶ የሚገባ ትንሽ መርፌና ዳሽቦርድ ላይ የሚቀመጥ አንድ ሰዓት ነው። ሹፌሩ መርፌው ወደ 700 ሲጠጋ እግሩን ያነሣል፣ ማርሽ ይቀንሳል፤ ሞተሩ ይተርፋል። ገንዘብ አልበቃኝም ያለ ሰው መጀመሪያ የሚሰርዘው ይህን ዕቃ መሆኑ ሁሌ ያናድደኛል። የግፊት መለኪያውም እንደዚያው ነው፤ እሱ ከሌለ ማስተንፈሻው ተጣብቆ ግፊቱ ቢወጣ የሚነግር የለም።

ገንዘብ የሚቆጠበው ምኑ ላይ ነው?

ከሁሉ በፊት ሞተሩ ራሱ ይመርመር። ሞተሩ እየሠራ የዘይት ክዳኑ ሲከፈት በኃይል የሚተነፍስ፣ ጭስ የሚያወጣ ከሆነ ፋሻው ደክሟል። በስድስቱም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበት ኃይል) ይለካ፤ ቁጥሮቹ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ካነሰ ለቱርቦ የታሰበው ገንዘብ ሞተር ማሳደሻ ይሁን። የደከመ ሞተር ላይ ቱርቦ መግጠም ሳል ለያዘው ሰው መለከት እንደማስነፋት ነው።

ቱርቦው አሮጌ ቢሆን ችግር የለውም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከተፈታ መኪና የወጣ ይገኛል፤ ከዋን ኤች ዲ ቲ የወረደው ሲቲ 26 ለ4.2 ሊትር የተሠራ ስለሆነ ልኩ ነው። ከ2.5 ሊትር ፒካፕ የወረደ ትንሽ ቱርቦ ርካሽ ይሆናል፤ ገና ሞተሩ ሲነሣሣ ቶሎ ይነፋል፤ ፍጥነት ሲጨምር ግን ጉሮሮ ይሆናል። 4.2 ሊትር ሞተር በ3,000 ዙር በደቂቃ ከ6,000 ሊትር በላይ አየር ይውጣል። ከትልቅ ከባድ መኪና የወረደው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ዳገቱ ካለቀ በኋላ ነው የሚነቃው።

ስትገዙ ዘንጉን በጣት ያዙና ሞክሩት። ወደ ጎን ትንሽ መንቀሳቀሱ ያለ ነው፤ ዘይት ሲገባበት ይይዘዋል። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚመላለስ ከሆነ ግን አስቀምጡት። ወደ ጎን ገፍታችሁ ስታሽከረክሩት ክንፎቹ ግድግዳውን ከነኩ፣ ወይም የክንፎቹ ጫፍ ከተበላ፣ ሻጩ የቱንም ያህል ቢምል አትግዙ።

ማኒፎልዱን ጅማ ውስጥ ማሠራት ይቻላል፤ ጎበዝ የሳልዳቱራ ባለሙያ አይጠፋም። የፋብሪካውን ቆርጦ ቱርቦ መያዣ መበየድ ግን ብዙ ጊዜ አይዘልቅም፤ ካስት አይረን ስለሆነ ብየዳው ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ከወፍራም የብረት ቱቦ አዲስ መሥራት ይሻላል። እዚህ ላይ ስድስት ሲሊንደር የራሱ ጣጣ አለው፦ ረጅም ነው። ግማሽ ሜትር ያለፈ ብረት እስከ 600 ዲግሪ ሲግል ከ3 ሚሊሜትር በላይ ይረዝማል። የዳርና የዳር ብሎኖች ቀዳዳ ልክክ ብሎ ከተሠራ ብረቱ የሚሄድበት ስለሌለው ወይ ይጣመማል ወይ ብሎኑን ይቆርጣል። ስለዚህ የዳሮቹ ቀዳዳዎች ትንሽ ሰፋ ይበሉ። ብየዳው ካለቀ በኋላም ከቴስታታው ጋር የሚገጥመው ፊቱ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጥ፤ ብየዳ ብረትን ሳያጣምም አያልፍም። የቱርቦውን ክብደትም ማኒፎልዱ ብቻውን አይሸከም፤ ከሥር ድጋፍ ይሠራለት። የጌራ መንገድ ጉድጓድ የማይነቅለው ነገር የለም።

ዘይቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በርካሽ የተሠራ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነውና። ቱርቦው የሚሽከረከረው በዘይት ላይ ተንሳፍፎ ነው። ዘይቱ ሲገባ በሞተሩ ግፊት፣ በቀጭን ቱቦ ነው፤ ይህን ሁሉም አይስተውም። ሲወጣ ግን የሚገፋው የለም። አረፋ ሆኖ፣ በራሱ ክብደት ብቻ፣ ከእንስራ እንደሚንቆረቆር ጠላ ነው የሚወርደው። ስለዚህ መውጫው ቱቦ ሰፊ መሆን አለበት፤ የአውራ ጣት ውፍረት ያህል። ከቱርቦው ሥር ቀጥ ብሎ ይውረድ፤ የትም ቦታ ወደ ላይ አይታጠፍ። ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ገንዳ፣ ወደ ኮፓው ሲገባም ዘይቱ ከሚቆምበት መስመር በላይ ይግባ። ለዚህ ኮፓውን አውርዶ መብሳትና መበየድ ያስፈልጋል። ሳያወርዱ የሚበሱ አሉ፤ የብረት ብናኙ ዘይቱ ውስጥ ቀርቶ ኩሽኔታውን ይበላል።

መውጫው ከጠበበ ዘይቱ ቱርቦው ውስጥ ይጠራቀምና በማኅተሞቹ በኩል ያመልጣል። ወደ ማርሚታው ከሄደ ሰማያዊ ጭስ ነው፤ ያናድዳል እንጂ አያስፈራም። በብዛት ወደ ሞተሩ ከገባ ግን ናፍጣ ሞተር የራሱን ዘይት እንደ ነዳጅ እያነደደ ዙሩ ይወጣል፤ ቁልፍ ቢዘጋም አይጠፋም። በዚህ ጊዜ ፍሬን ይዞ በከፍተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ፣ ወይም የአየር መግቢያውን በጠንካራ ነገር መድፈን ነው ያለው። እጅ ግን አይሞከርም።

ከዚህ ውጪ አዲስ የሚገዙት ጓርኒሲዮኖቹ፣ የዘይት ቱቦዎቹ፣ መለኪያዎቹና የአየር ፊልትሮው ናቸው። ፊልትሮው የፒካፑ የድሮው ሊሆን ይችላል፤ ቤቱ ግን ቀዳዳ እንዳይኖረው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ቡና በሚለቀምበት ወራት፣ የሊሙና የጎማ ወረዳዎች ጥርጊያ መንገድ አቧራው እንደ ዱቄት ነው። በደቂቃ 100 ሺህ ጊዜ ለሚዞር ቀጭን ክንፍ አቧራ ዱቄት አይደለም፤ ሞረድ ነው።

ኢንተርኩለርስ ያስፈልጋል?

ኢንተርኩለር የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ራዲያተር ነው። በ0.3 ባር አየሩ ጅማ ላይ ወደ 70 ዲግሪ ይጠጋል፤ በ0.5 ባር 90 ገደማ ይደርሳል። በትንሹ ግፊት ለሚረካ ሰው ለጊዜው ይቅር፤ 0.5 እና ከዚያ በላይ ለሚፈልግ ግን ግዴታ ይመስለኛል። ከተገጨ የጭነት መኪና የወረደ ይሠራል፤ ከመግጠም በፊት ውስጡን በናፍጣ ማጠብና ቀዳዳ እንደሌለው በውሃ ውስጥ ነክሮ መፈተሽ ነው።

ናፍጣ ይቆጥባል ወይ?

በግማሽ የሚል ሰው ዋሽቷል። ቀድሞ በጥቁር ጭስ የሚወጣው አሁን ስለሚቃጠል፣ በሁለተኛ ማርሽ የሚወጣው ዳገትም በሦስተኛ ስለሚወጣ፣ እንደ ድሮው ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው ትንሽ ሊቀንስ ይችላል። ጉልበት ያገኘ እግር ግን እንደ ድሮው አይነዳም። ናፍጣ ለመቆጠብ ብቻ ቱርቦ የሚያስገጥም ሰው ወጪውን ለመመለስ ዓመታት ይፈጅበታል።

ሌላ ምን ይነካል?

ፍሪሲዮኑ የደከመ ከሆነ አዲሱን ጉልበት አይችልም፤ ሽታው ይናገራል። ፍሬኑ ደግሞ ይታሰብበት፤ ዳገቱን የወጣ መኪና ቁልቁለቱንም ይወርዳል። ሊብሬ ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥር ቱርቦ በመግጠም አይለወጥም፤ ሞተሩን በሙሉ በዋን ኤች ዲ ቲ መቀየር ግን ቁጥሩን ይለውጣልና ጉዳዩን ትራንስፖርት ቢሮ ያደርሰዋል። ኢንሹራንስ ያለው ሰው ለድርጅቱ ቢያሳውቅ ይሻለዋል። ለዓመታዊው ቦሎ ምርመራ ደግሞ ጭሱ ቢቀንስ እንጂ አይጨምርም፤ ፖምፓው ካልተነካ።

ከተገጠመ በኋላ እንዴት ይነዳል?

ዘይቱና ፊልትሮው ቀድሞ ከሚቀየርበት ኪሎሜትር ቀደም ብሎ ይቀየር፤ ዘይቱ አሁን የሚያልፈው በጋለ ብረት ውስጥ ነው። ጠዋት ሲነሣ ወዲያው ጋዝ አይረገጥም፤ ዘይቱ ቱርቦው ዘንድ እስኪደርስ ትንሽ ይጠበቃል። ሲቆምም እንዲሁ ነው። የጊቤን ዳገት ወጥቶ ወልቂጤ ምሳ ሊበላ የቆመ ሹፌር ወዲያው ቁልፉን ከዘጋ፣ ገና የሚንቦገቦገው ቱርቦ ውስጥ ያለው ዘይት መሄጃ አጥቶ እዚያው ይቃጠላል፤ ከሰል ሆኖ ቱቦውን ይደፍናል። አንድ ሁለት ደቂቃ በባዶ ማሠራት ይበቃል።

ያ የጌራ ልጅ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጋራዡ ተመልሶ ሲመጣ አገኘሁት፤ ዘይት ሊያስቀይር ነው የመጣው። ዳገቱን በስንተኛ ማርሽ እንደወጣው ጠየቅሁት።

«በሦስተኛ። 0.4ን አላለፈም፤ ሙቀቱ ግን 640 ደረሰ።»

«ከዚያስ?»

«እግሬን አነሣሁ» አለና ሳቀ። «ፒስተኑ ትዝ ብሎኝ።»